ሲቪላይዜሽን 6፦ ጨዋታው የሚታጠፍባቸው ውሳኔዎች፣ የቱ መቼ ያዋጣል?

ሲቪላይዜሽን 6 በየተራ እየተጫወቱ አንድ ሥልጣኔ የሚያሳድጉበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። እዚያ ላይ የተሸነፈ ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው መጨረሻው አካባቢ ነው። «ሮኬቱን ቀደም ብዬ ብጀምረው ኖሮ»፣ «እዚያ ጦርነት ውስጥ ባልገባ ኖሮ» ይላል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ያለቀለት ከተራ 100 በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ውሳኔዎች ሲያፈሩ ወይም ሲያከስሩ መመልከት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያሉትን ምርጫዎች በደንብ እናያለን፤ የመጨረሻዎቹን ቶሎ ቶሎ እናልፋቸዋለን። ቁጥሮቹ ጋዘሪንግ ስቶርም የተባለው ማስፋፊያ ሲጫን በስታንዳርድ ፍጥነት ያሉት ናቸው። ጨዋታው የአማርኛ ሜኑ ስለሌለው የነገሮቹን ስም ስክሪን ላይ እንደምታዩት እጠራለሁ።

የመጀመሪያዋ ተራ፦ እዚያው ወይስ ራቅ ብሎ?

ከተማ የምትቆረቁረው ሴትለር ቆማለች። ባለችበት ትመሥርት ወይስ ትራመድ? መጀመሪያ ውኃ እዩ። ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ኦአሲስ አጠገብ የተቆረቆረ ከተማ ከቦታው ብቻ 5 ሃውዚንግ (የመኖሪያ አቅም) ያገኛል። ባሕር ዳር ከሆነ 3፣ ደረቅ መሬት ላይ ከሆነ 2። ሃውዚንግ ሲሞላ የሕዝብ እድገት ስለሚጎተት ይህ ልዩነት ለመቶ ተራ ይከተላችኋል። አንድ ተራ ተራምዳችሁ ወንዝ የምታገኙ ከሆነ ሂዱ። ሁለት ተራም ይከፈልለታል። ሦስተኛው ላይ ግን ይበቃል፤ ቁጭ በሉ።

ከውኃ ቀጥሎ ኮረብታ ነው። ፕሌይንስ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ከተማ መሐሉ ላይ 2 ፕሮዳክሽን (የማምረት አቅም) ይሰጣል፤ ሜዳ ላይ ያለው 1 ነው። አንድ ልዩነት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ከተማው በጠቅላላው የሚያመርተው አራት ወይም አምስት በሆነበት ሰዓት አንድ ማለት ብዙ ነው።

ሴትለር፣ ቀስተኛ ወይስ ድንቅ ሥራ?

ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ያዙ።

ዋጋዎቹን እንያቸው። ቃኚው ስካውት 30 ፕሮዳክሽን፣ ወንጭፈኛው ስሊንገር 35፣ እግረኛው ዋሪየር 40፣ ሞኑመንት 60 ያስወጣሉ። የመጀመሪያዋ ሴትለር 80 ናት፤ እያንዳንዷ ቀጣይ ሴትለር ከበፊቷ ትወደዳለች። በዚያ ላይ ስትወጣ ከከተማው አንድ ሰው ይዛ ትሄዳለች። ስቶንሄንጅ የተባለው ድንቅ ሥራ ደግሞ 180 ነው።

ስቶንሄንጅን ከሁለት ሴትለር ጋር አወዳድሩት። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። በአንዱ ነቢይና ሃይማኖት ታገኛላችሁ። በሌላው ሁለት ከተማ፣ የሁለት ከተማ መሬት፣ ሁለት ተጨማሪ የማምረቻ ቦታ። ዲኢቲ በተባለው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ኮምፒውተሩ በ3 ሴትለርና በ5 ዋሪየር ስለሚጀምር የድንቅ ሥራ እሽቅድምድሙን ብዙ ጊዜ እሱ ይወስደዋል። በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ግን ድንጋይ አጠገብ ሜዳ ካላችሁና ሃይማኖት የግድ ካስፈለጋችሁ ይቻላል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 40 ተራዎች ድንቅ ሥራ ቅንጦት ነው።

ስለዚህ እውነተኛው ምርጫ በመስፋፋትና በጦርነት መካከል ነው። ለዚህ ደግሞ መልሱን የሚሰጣችሁ ስካውቱ ነው። የመጀመሪያ ምርት ስካውት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤት የት እንዳለ ሳታውቁ የምታደርጉት ምርጫ ሁሉ ግምት ነው።

ጎረቤቱ በአሥር ታይል (የካርታው አንድ አንድ ክፍል) ውስጥ ከሆነና መሐላችሁ ያለው መሬት ሜዳ ከሆነ ቀስተኛ (አርቸር) ይዛችሁ ሂዱ። መንገዱ እንዲህ ነው። አንድ ስሊንገር ሥሩና በእሱ አንድ ባርቤሪያን (አገር የለሽ ወራሪ) ግደሉ። ይህ የአርቸሪን ምርምር 40 በመቶ ያስጨርስላችኋል። ከዚያ ስሊንገሮቻችሁን በወርቅ ወደ አርቸር ከፍ አድርጉ። ሦስት አርቸር ሲኖራችሁ ደግሞ የማሽነሪ ምርምር በተራው እንዲሁ ያለ ግፊት ያገኛል። ግንብ የሌለው ከተማ ራሱ መተኮስ አይችልም፤ አርቸር ደግሞ ሁለት ታይል ርቆ ይመታል። ሦስት አርቸር ከተማውን ያደቅቁታል፣ አንድ ዋሪየር ይገባበታል። የተወሰደ ከተማ ሕዝቡን ይዞ ይመጣል፤ የሴትለራችሁንም ዋጋ አያስወድድም።

መስኮቱ ጠባብ ነው። ጎረቤቱ ግንብ ከሠራ የአርቸር ነገር አበቃ። ባታሪንግ ራም ወይም ሲጅ ታወር የተባሉትን የግንብ ማጥቂያ መሣሪያዎች ካልያዛችሁ ግንብ ሥር ቆሞ ማለቅ ነው። ኮረብታና ጫካ የበዛበት መንገድም ጦሩን እያንቀራፈፈ ጊዜውን ይበላዋል። ሁለቱን ካያችሁ ጦርነቱን ተዉት፤ ሴትለር ሥሩ።

ጎረቤቱ ሩቅ ከሆነ ምርጫው ይቀላል። በልምድ የሚጫወቱ ሰዎች «በተራ 100፣ 10 ከተማ» የሚሉት ነገር አለ። ሕግ አይደለም፤ ግን ጥሩ መለኪያ ነው። እዚያ ለመድረስ ሁለት ነገር ያግዛል። አንዱ ኮሎናይዜሽን የተባለው የፖሊሲ ካርድ ነው፤ ሴትለር ሲመረት 50 በመቶ ያፈጥናል። የሚገኘው በኧርሊ ኢምፓየር ስለሆነ የሲቪክ (የባህልና የአስተዳደር) ምርምራችሁን በቀጥታ ወደዚያ አድርጉ፤ ጠቅላላ ሕዝባችሁ 6 ሲደርስ ግፊቱ ይመጣል። ሁለተኛው ገቨርመንት ፕላዛ ላይ የሚሠራው አንሴስትራል ሆል ነው። እሱም ሌላ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ለአዲስ ከተማ ሁሉ መሬት የሚያለማ ቢልደር በነፃ ይሰጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሴትለሯን ጎረቤት አፍንጫ ሥር አትላኩ። ከተማ በ9 ታይል ውስጥ ካሉ ከተሞች የሎያሊቲ (የታማኝነት) ጫና ይደርስበታል፤ ጫናው የሚለካው በሕዝብ ብዛትና በቅርበት ነው። አንድ ሰው ያላት ጨቅላ ከተማ በሁለት ትልልቅ ከተሞች መሐል ብትቆረቁሩ ጥቂት ተራ ቆይታ ትከዳችኋለች። መሬቱን መቅደም ካለባችሁ ሁለት ሦስት ከተማ ተጠጋግተው እንዲደጋገፉ አድርጉ።

ከአምስተኛው የመጡ ተጫዋቾች

ከዚህ በፊት በነበረው ሲቭ 5 ላይ ያደጉ ሰዎች መስፋፋት ይፈራሉ። ምክንያት አላቸው። እዚያ በመደበኛ ካርታ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ከተማ የምርምርን ዋጋ 5 በመቶ ያስወድዳል። ትራዲሽን የተባለው ፖሊሲ ደግሞ ስጦታውን የሚሰጠው ለመጀመሪያዎቹ አራት ከተሞች ነው። ስለዚህ አራት ከተማ ይዞ ቁጭ ማለት ብልህነት ነበር።

ኢትዮጵያን በሁለቱ ጨዋታዎች ማነጻጸር ለውጡን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በአምስተኛው ላይ መሪው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የአድዋ መንፈስ የተባለው ችሎታ ከእናንተ የበለጠ ከተማ ካለው ጠላት ጋር ስትዋጉ 20 በመቶ ይጨምርላችኋል። ማለትም ትንሽ መሆን ራሱ ጉርሻ ነው። ልዩ ወታደሩ መሐል ሰፋሪም ዋና ከተማው አካባቢ ሲዋጋ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በስድስተኛው ላይ የመጡት ዳግማዊ ምኒልክ ግን ተቃራኒውን ይጠይቃሉ። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ሁሉ ከሚያመነጨው ፌይዝ (የእምነት ነጥብ) 15 በመቶ የሚሆን ሳይንስና ያንኑ ያህል ካልቸር (የባህል ነጥብ) ይሰጣል። ከተማ በበዛ ቁጥር ትርፉ ይበዛል። ተዋጊዎቻችሁም ኮረብታ ላይ ሲቆሙ 4 ነጥብ ብርታት ይጨምራሉ። እንጦጦ ላይ ለከተሙ ንጉሥ የሚገባ ስጦታ ነው።

የአምስተኛውን ልማድ ይዞ በምኒልክ አራት ከተማ ላይ መቆም ይህን ሁሉ መሬት ላይ መጣል ነው።

ፓንቴዮን

25 ፌይዝ ሲጠራቀም ፓንቴዮን የተባለውን የመጀመሪያ እምነት ትመርጣላችሁ። ሪሊጅየስ ሴትልመንትስ ካልተወሰደ አትጨነቁ፣ እሱን ውሰዱ፤ ሴትለር በነፃ ይሰጣል። ዲኢቲ ላይ ግን ኮምፒውተሩ ስለሚወደው ብዙ ጊዜ አታገኙትም። ከሌለ መሬታችሁን ተከተሉ። ዓሣ በበዛበት ባሕር ላይ ጎድ ኦፍ ዘ ሲ፣ በረሃ ላይ ዴዘርት ፎክሎር፣ በረዷማ ቱንድራ ላይ ዳንስ ኦፍ ዘ አውሮራ። ከእነዚህ አንዱም ካልገጠመ ዲቫይን ስፓርክ አያሳፍርም።

የመጀመሪያው ዲስትሪክት፦ ካምፓስ ወይስ ሆሊ ሳይት?

ዲስትሪክት ማለት ከተማው ውስጥ ለአንድ ሥራ የሚለይ ሰፈር ነው፤ ካምፓስ የሳይንስ፣ ሆሊ ሳይት የሃይማኖት፣ ኮመርሻል ሀብ የንግድ ነው። ብዙ ሰው እጁ ወዲያው ወደ ካምፓስ ይሄዳል። ተራራ ካለ ትክክል ነው። ካምፓስ ከእያንዳንዱ አጎራባች ተራራ 1 ሳይንስ፣ ከጂኦተርማል ፊሸር 2፣ ከሁለት ሬይንፎረስት 1 ያገኛል። ሦስት ተራራ የሚነካ ቦታ ካላችሁ ላይብረሪ ሳይሠራ 3 ሳይንስ ይዞ ይጀምራል። በኋላ ናቹራል ፊሎሶፊ የተባለው ካርድ ያንን እጥፍ ያደርገዋል።

ተራራ ከሌለስ? ያኔ ካምፓስ ባዶ ሕንፃ ነው። ወንዝ ዳር ከሆናችሁ ኮመርሻል ሀብ 2 ወርቅ ከወንዙ ብቻ ያገኛል። በዚያ ላይ ገበያ ስትሠሩበት የንግድ መስመር ይከፍትላችኋል። ከአዳዲስ ከተሞች ወደ ትልቁ ከተማ የሚሄድ የውስጥ ንግድ መስመር ምግብና ፕሮዳክሽን ስለሚሰጥ ጨቅላ ከተማን ለማሳደግ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሆሊ ሳይትም ከተራራ 1 ፌይዝ ያገኛል። እንግዲህ ሁለቱም ተመሳሳይ ቦታ ይፈልጋሉ፤ አንድ ተራራማ ቦታ ካላችሁ ማንን ታስቀምጡበታላችሁ? ለአብዛኛው ሥልጣኔ መልሴ ካምፓስ ነው። በምኒልክ ከተጫወታችሁ ግን ያለ ማመንታት ሆሊ ሳይት። ሒሳቡን እንሥራው። ኮረብታ ላይ ያለች አንዲት ከተማ 20 ፌይዝ ብታመነጭ 3 ሳይንስና 3 ካልቸር ይመጣላችኋል። አሥር እንዲህ ያለ ከተማ ማለት 30 ሳይንስ፣ 30 ካልቸር ነው፤ ሁለት መቶው ፌይዝ ደግሞ አልተነካም፣ ተመልሳችሁ ትገዙበታላችሁ። ፌይዙ የሚመጣውም ከሆሊ ሳይት ብቻ አይደለም። ያለማችሁት ሪሶርስ ሁሉ ይጨምራል። የኢትዮጵያ ልዩ ግንባታ የሆነው ውቅር ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ኮረብታ ላይ ይታነጻል፤ በዙሪያው ካለው ተራራና ኮረብታ ሁሉ አንድ አንድ ፌይዝ ይሰበስባል። ሃይማኖት ለመመሥረት ከደረሳችሁ ወርክ ኤቲክ የተባለውን የእምነት ሕግ ምረጡ። የሆሊ ሳይቱን የቦታ ጉርሻ ያህል ፕሮዳክሽን ይሰጣችኋል፤ ተራራማ አገር ትልቁ ችግሩ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

ካምፓስም ሆነ ሆሊ ሳይት፣ አንድ ነገር አትርሱ። የዲስትሪክት ዋጋ ምርምራችሁ በገፋ ቁጥር ይወደዳል፤ ቦታ ላይ ስታስቀምጡት ግን ዋጋው በዚያች ቀን ይቆረጣል። ስለዚህ ለመሥራት ባትቸኩሉም መሬቱ ላይ አስቀምጡትና ወደ ሴትለራችሁ ተመለሱ። ከሃያ ተራ በኋላ በድሮው ዋጋ ትጨርሱታላችሁ። አንድ ከተማ ሁለተኛ ዲስትሪክት የሚፈቀድለት ሕዝቡ 4 ሲደርስ፣ ሦስተኛው 7 ሲደርስ ነው። ይህን አውቃችሁ የመጀመሪያውን በጥንቃቄ ምረጡ።

ወርቃማው ዘመን ወይስ ጨለማው?

ዘመን ሲቀየር ባከማቻችሁት የታሪክ ነጥብ መሠረት ወርቃማ፣ መደበኛ ወይም ጨለማ ዘመን ውስጥ ትገባላችሁ። መጀመሪያ ላይ ያለው ሽግግር፣ ወደ ክላሲካል የሚወስደው፣ ከሁሉም ይበልጣል። ምክንያቱ ሞኑመንታሊቲ ነው። በወርቃማ ዘመን ይህን ከመረጣችሁ ሴትለርና ቢልደር በፌይዝ መግዛት ትችላላችሁ፤ ያውም በ30 በመቶ ቅናሽ። ፌይዝ ያለው ሰው በዚህ ዘመን ከተማ እየገዛ ይስፋፋል፤ ከተሞቹ ደግሞ ዲስትሪክት መሥራታቸውን አያቋርጡም። ምኒልክን ከያዛችሁ ጨዋታው በሙሉ የተዘጋጀው ለዚህች ሰዓት ነው ማለት ይቻላል።

ነጥቡ ከየት ይመጣል? ባርቤሪያን ካምፕ ማፍረስ፣ ተፈጥሯዊ ድንቅ ቦታ ማግኘት፣ ሲቲ ስቴትን (ባለ አንድ ከተማ አገርን) ቀድሞ ማግኘት። ሁለተኛ ስካውት መሥራት የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው።

ካልደረሳችሁስ? ትንሽ ብቻ ጎድሎ ከሆነ ግፉ። በጣም ርቆ ከሆነ ግን ተዉት። ጨለማ ዘመን ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ከጨለማ ቀጥሎ ወርቃማ ከመጣ ሂሮይክ ይባላል፤ በአንድ ምርጫ ፈንታ ሦስት ትመርጣላችሁ። ጨለማ ውስጥ እንደምትገቡ ካወቃችሁ በእጃችሁ ያለውን ነጥብ አምጪ ሥራ ዘመኑ እስኪቀየር ያዙት፤ ለምሳሌ ሊፈርስ የተቃረበውን ካምፕ ከበቡትና ጠብቁ። የጨለማ ካርዶቹም ጥርስ አላቸው። ሞናስቲሲዝም ሆሊ ሳይት ባላቸው ከተሞች ሳይንስን በ75 በመቶ ያሳድጋል፤ ካልቸራችሁን ግን በ25 በመቶ ይቆርጣል። አደጋው ሎያሊቲ ላይ ነው። በጨለማ ዘመን የአንድ ሰው ጫና ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በወርቃማ ዘመን ያለ ጎረቤት ደግሞ አንድ ተኩል ይሆንለታል። ድንበር ላይ እንዲህ ያለ ጎረቤት ካላችሁ ጨለማን አትድፈሩት።

እግረ መንገዴን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሲቭ 7 እነዚህን መታጠፊያዎች ይፋዊ አድርጓቸዋል። ጨዋታው በሦስት ዘመን ተቆርጦ በየዘመኑ ሥልጣኔ ትቀይራላችሁ፤ አክሱምም በመጀመሪያው ዘመን ከሚመረጡት ውስጥ አለ። የመታጠፊያውን ሰዓት ራሱ ጨዋታው ስለሚነግራችሁ ለጀማሪ ይቀላል። እኔ ግን ስድስተኛውን የምመርጠው ራሴው ማወቅ ስላለብኝ ነው።

መንግሥት

ፖለቲካል ፊሎሶፊ ሲጠናቀቅ ሦስት መንግሥት ይቀርብላችኋል። ሦስት ሲቲ ስቴት ካገኛችሁ ግፊቱ ይመጣል። ጦርነት ላይ ከሆናችሁ ኦሊጋርኪ፤ ለእግረኛ ተዋጊዎች 4 ነጥብ ይጨምራል። ሰላም ከሆነና እየተስፋፋችሁ ከሆነ ክላሲካል ሪፐብሊክ፤ ሁለት የኢኮኖሚ ካርድ ይይዛል። አውቶክራሲ ድንቅ ሥራ ለሚወድ ሰው ነው። ስለ ድንቅ ሥራ ያለኝን ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ።

እዚህ ላይ ከመንግሥቱ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ፊውዳሊዝም ነው። ሰርፍደም የተባለው ካርዱ አዲስ የሚሠራ ቢልደር ሁሉ ሁለት ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ ያደርጋል። ስድስት እርሻ ካላችሁ ግፊቱን ታገኛላችሁ። ሰው ይህን ዘሎ ወደ ፊት ይሮጥና መሬቱ ሳይለማ ይቀራል።

በምን እናሸንፍ? ሳይንስ ወይስ ካልቸር

የማሸነፊያ መንገድ መምረጫው ጊዜ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይዘገያል፤ ኢንዱስትሪያል ዘመን አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ ከተማና ዲስትሪክት ማብዛት ለሁሉም ይጠቅማል።

ሳይንስ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ሮኬትሪን ተመራመሩ፣ ስፔስፖርት ሥሩ፣ ሳተላይት፣ ጨረቃ፣ ማርስ፣ ከዚያ 50 የብርሃን ዓመት የሚጓዘው የመጨረሻው መንኮራኩር። ስፔስፖርቱ ብቻ 1800 ፕሮዳክሽን ስለሆነ ሳይንስ ብዙ ኖሯችሁ ፕሮዳክሽን ያለው አንድ ከተማ ከሌላችሁ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ይህን የሚመርጥ ሰው ቀድሞ ኢንዱስትሪያል ዞን ያሰናዳ።

ካልቸር ግን በሌሎቹ ላይ የተመሠረተ ነው። ወደ እናንተ የሚመጣው ቱሪስት ከማንኛውም ተቀናቃኝ የአገር ውስጥ ቱሪስት መብለጥ አለበት። የአገር ውስጥ ቱሪስት የሚቆጠረው ደግሞ ያ አገር እስከዛሬ ባጠራቀመው ካልቸር ነው። ከመወሰናችሁ በፊት የድል ሰሌዳውን ከፍታችሁ እዩ። አንድ ተቀናቃኝ በካልቸር ከሌሎቹ በጣም ርቆ ከሄደ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ወይ ከተሞቹን መውሰድ፣ ወይ ወደ ሳይንስ መዞር። ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑና ፌይዝ ካላችሁ ካልቸር ይፈጥናል። ናቹራሊስትና ሮክ ባንድ የሚገዙት በፌይዝ ነው። የምኒልክ ውቅር ቤተ ክርስቲያናትም ፍላይት ከተመረመረ በኋላ ቱሪዝም ማምጣት ይጀምራሉ።

ዲፕሎማሲ 20 ነጥብ ይፈልጋል፤ ይዘገያል፣ ግን ሌላ መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ያድናል። ዶሚኔሽን የሚያዋጣው ያ የመጀመሪያው የአርቸር ጦርነት ከተሳካላችሁ ነው፤ የሁሉንም የመጀመሪያ ዋና ከተማ መያዝ ስላለባችሁ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ከጠላት ይልቅ ከርቀቱ ጋር ይዋጋል። ሃይማኖትን የምመክረው በትንሽ ካርታ ላይ ብቻ ነው፤ በትልቁ ላይ ሚሲዮናዊ ሲያዘዋውሩ መዋል ያሰለቻል።

ሳይንስን ከመረጣችሁ ስፔስፖርቱ ያለበት ከተማ ላይ የራሳችሁን ሰላይ ለጥበቃ አስቀምጡ። ኮምፒውተሩ ሰላይ ልኮ ያፈርሰዋል፤ ጠግኖ ለመቀጠል የሚፈጀው ተራ ደግሞ ሁለተኛው ተቀናቃኝ እናንተን ለመድረስ ይበቃዋል።